በብርሃን የሚሠራው የእጅ ሰዓት፦ የቀዳሚነት ክርክሩና የባትሪው ጣጣ

ሶላር ሰዓት በፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ፣ ኃይሉን በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ እያጠራቀመ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ነው። ብርሃኑ የግድ የፀሐይ መሆን የለበትም። የአምፖል ብርሃንም ይሞላዋል፤ የሚለየው የሚፈጀው ጊዜ ነው። የጃፓኑ ሲቲዝን ኩባንያ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ባለ ቆጣሪ የእጅ ሰዓት ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 በመሆኑ፣ ሰዓቱ በ2026 ድፍን ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ሃምሳ ዓመቱ ሲቆጠር ግን የቀዳሚነት ጥያቄም አብሮ ይነሣል። ከሲቲዝን ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አንድ አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው በብርሃን የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለገዢ አቅርቦ ነበርና።

የነገሩ ሥር ከሁለቱም ይርቃል። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ብርሃን የኤሌክትሪክ ኃይል ሊፈጥር እንደሚችል ያስተዋለው በ1839 ነው። ግኝቱ ለሥራ የሚበቃ መሣሪያ እስኪሆን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1954 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ዳሪል ቼፒን፣ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን ከሲሊከን የተሠራ ሶላር ሴል ይፋ አደረጉ። ሴሉ ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1958፣ ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት እነዚህን ሴሎች ይዛ ወደ ጠፈር ወጣች። በባትሪ የሚሠራው የሬዲዮ ማሰራጫዋ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጸጥ ሲል፣ በሶላር ሴል የሚሠራው ግን እስከ 1964 ድረስ ማሰራጨቱን ቀጠለ። ሴሉ ዘላቂ፣ ባትሪው ሟች መሆኑ ገና ከጅምሩ የታየው በዚህች ሳተላይት ላይ ነው። የሶላር ሰዓትም ዋና ችግር ይኸው ሆኖ ቆየ።

ሰዓት ሠሪዎች ነገሩን ለመሞከር አልዘገዩም። የስዊዘርላንዱ ፓቴክ ፊሊፕ በ1950ዎቹ የብርሃን ሴል የተገጠመለት የጠረጴዛ ሰዓት ሠርቷል። ከሴሉ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩም የሰዓቱን ሞላ ይጠመዝዛል። ይህ ግን በክንድ የሚታሰር አልነበረም። ብርሃንን ወደ እጅ ሰዓት ለማውረድ ሁለት ነገሮች ይቀሩ ነበር፦ አነስተኛ ኃይል የሚፈልግ የጊዜ መቁጠሪያና ደጋግሞ የሚሞላ ትንሽ ባትሪ።

የመጀመሪያው በታኅሣሥ 1969 መጣ። የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን፣ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያ የኳርትዝ፣ ማለትም በክሪስታል መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚቆጥር፣ የእጅ ሰዓት አወጣ። ከዚያ በ1972 የአሜሪካው ሐሚልተን ፐልሳር የተሰኘውን ባለ ቀይ አኃዝ ዲጂታል ሰዓት በ2,100 ዶላር ሸጠ። ዋጋው በጊዜው ከአንድ ትንሽ መኪና ጋር የሚቀራረብ ነበር። ፐልሳር ያማረ ሰዓት ቢሆንም ኃይል በላተኛ ነበር። ኤል.ኢ.ዲ. የሚባሉት ቀያይ መብራቶች በርተው ከቆዩ ባትሪውን በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል። ስለዚህ የሰዓቱ ፊት ዘወትር ጨለማ ነው፤ ሰዓት ማየት የፈለገ በሌላ እጁ ቁልፍ መጫን ነበረበት።

አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ሮጀር ሪል ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሪል ሲንክሮናር 2100 ብሎ የሰየመውና በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ለገበያ የበቃው ሰዓት በዘመኑ ከነበሩት ከየትኞቹም ጋር አይመሳሰልም። ሌላው ሰዓት አኃዝ የሚያሳይበትን የላይኛውን ገጽ ለሶላር ሴሎች ሰጥቶ፣ አኃዞቹን ወደ ሰዓቱ ጎን አወረዳቸው። በዚህ አሠራር መሪ የጨበጠ ሹፌር ክንዱን ሳያዞር ሰዓቱን ማንበብ ይችላል፤ ሴሎቹም ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ እንደተገለጡ ይውላሉ። የውስጡን መሣሪያ በሙሉ ግልጽ በሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሸገው። ውኃና አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳይኖር ቁልፎቹ የሚሠሩት በማግኔት ነው፤ ከውጭ ያለችው ተንሸራታች ስትነካ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ማብሪያ ይዘጋል። ካላንደሩም በየአራት ዓመቱ የምትጨመረውን የፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን ሳይቀር እስከ 2100 ድረስ ራሱ እንዲያውቅ ተደርጓል፤ የስሙ ቁጥርም የዚያ ዓመት ነው።

የሪል ሥራ ክብደት የሚታየው ከመረጠው ማሳያ አንጻር ነው። ቆጣሪ የሚያዞር የኳርትዝ ሰዓት ለሙሉ ሥራው ጥቂት ማይክሮዋት ይበቃዋል። የኤል.ኢ.ዲ. አኃዝ በበራ ቁጥር ግን የዚህን በሺዎች የሚቆጠር እጥፍ ይወስዳል። ሪል በብርሃን ለማንቀሳቀስ የተነሣው እንግዲህ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ እጅግ ኃይል የሚበላውን የሰዓት ዓይነት ነበር። ሰዓቱም ሠራ። ገዝተው ያሰሩት ሰዎች ለባትሪ ቅያሪ ወደ ሰዓት ሠሪ መመላለስ አላስፈለጋቸውም።

ሰዓቱን የኋላ ኋላ የጣለው ራሱ እሽጉ ነው። ሪል የተጠቀመባቸው ደጋግመው የሚሞሉ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዓመታት ሲያልፉ ደክመው ያፈስሳሉ። መሣሪያው በፕላስቲክ ውስጥ ስለታሸገ ከፍቶ ባትሪ መለወጥ ከባድ ነው። ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ከሚገኙት ሲንክሮናሮች ብዙዎቹ ሴላቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በቫንጋርድ ላይ የታየው በክንድ ላይ ተደገመ ማለት ነው።

የሲቲዝን የ1976 ሰዓት፣ ክሪስትሮን ሶላር ሴል፣ የተከተለው ሌላ መንገድ ነው። ኩባንያው ኃይል የሚበላውን መብራት ትቶ ሁለትና ሦስት ቆጣሪ የሚዞርበትን የተለመደውን ፊት ያዘ፤ የሲሊከን ሴሎቹንም በዚያው ፊት ላይ በግልጽ ደረደራቸው። ሲቲዝን ራሱ ቀዳሚነት የሚጠይቀው በባለ ቆጣሪዎቹ መካከል ነው፤ ይህም ይገባዋል። ይሁንና የሁለቱ ሰዓቶች የገበያ ዘመን ጎን ለጎን ሲታይ፣ በብርሃን የሚሠራ የእጅ ሰዓት ለሰው እጅ የማድረሱ ምስጋና ወደ ሪል ያደላል። ሲቲዝን ደግሞ ሐሳቡ በየቤቱ እንዲገባ ያደረገ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሰለች ያሻሻለውም እሱ ነው።

ሴይኮን ጨምሮ ሌሎች ኩባንያዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ተከተሉ። በ1980 ሳንዮ አሞርፈስ ከተባለው ስስ ሲሊከን የተሠሩ ሴሎችን ለካልኩሌተር አዋለ። ይህ ሲሊከን እንደ ቀጭን ቅብ የሚነጠፍ ሲሆን በቤት ውስጥ ብርሃንም በደንብ ይሠራል። በ1993 የጀርመኑ ዩንግሃንስ ሶላርን በሬዲዮ ሰዓቱን ከሚያስተካክል መሣሪያ ጋር በእጅ ሰዓት አጣመረ።

ከዚህ ሁሉ ሙከራ የወጣው የዛሬው አሠራር በጥቂት ደረጃዎች ይገለጻል። ብርሃኑ በመስታወቱና ብርሃን በሚያሳልፈው ፊት አልፎ ሴሉ ላይ ያርፋል። አንድ የሲሊከን ሴል ብቻውን የሚሰጠው ግማሽ ቮልት አካባቢ ስለሆነ ባትሪውን አይሞላም። ለዚህ ሲባል ክቡ ሴል በበርካታ ክፍሎች ተቆርጦ በተከታታይ ይያያዛል። አንዳንዱን ሶላር ሰዓት በደማቅ ብርሃን ዘንበል አድርጎ የሚመለከት ሰው ከፊቱ ሥር እንደ መስቀል የተላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ያያል፤ እነዚያ የክፍሎቹ ድንበሮች ናቸው። ከሴሎቹ የሚወጣው ኤሌክትሪክ፣ ኃይል በሌሊት ወደ ኋላ እንዳይመለስና ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ በሚጠብቅ ሰርኪዩት በኩል ወደ ባትሪው ይገባል። ባትሪው የኳርትዙን ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ያንቀጠቅጣል። ይህ ቁጥር አሥራ አምስት ጊዜ በሁለት ሲካፈል በሰከንድ አንድ ምት ይሆናል፤ ያች ምት ሰከንድ ቆጣሪውን አንድ እርምጃ ታራምዳለች።

በፊቱ ላይ ተገልጦ የነበረው ሴል ከፊቱ ሥር የተደበቀበትና አሠራሩ በሰፊው የታወቀበት ሰዓት የሲቲዝን ኢኮ ድራይቭ ነው። በ1995 ሲወጣ ዳግም የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ይዞ ነበር። ያ ባትሪ አንድ ጊዜ ከሞላ በጨለማም ለወራት ይሠራል። መልኩ ከማንኛውም ሰዓት ባለመለየቱ ገዢው በሶላርነቱ ምክንያት ውበት አላጣም። ከሦስት ዓመት በኋላ ካሲዮ የመጀመሪያውን ባለ ሶላር ጂ ሾክ ሰዓት አቀረበ።

የሶላር ሰዓት ቀዳሚ ጥቅም የባትሪ ቅያሪን ማስቀረቱ ነው። ተራ የኳርትዝ ሰዓት በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ባትሪ ይፈልጋል። በተከፈተ ቁጥር ውኃ የሚከላከለው የጀርባው ጎማ ይላላል ወይም ይቆሸሻል፤ ሰዓቱም ከዚያ በኋላ ውኃ ማስገባት ይጀምራል። ሶላሩ ለረጅም ዓመታት ሳይከፈት ስለሚቆይ ይህ ችግር ብዙም አይነካውም። የሚጣል ባትሪም ይቀንሳል። በራሱ ከሚጠመዘዘው ሜካኒካል ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ጊዜን በትክክል በመያዝ ይበልጣል፤ ሳይታሰር ለሁለትና ሦስት ቀን ቢቀመጥም አይቆምም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ብርሃን ሲሰጥ፣ በደንብ የበራ ቢሮ የሚሰጠው 500 ለክስ ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ሁለት መቶ እጥፍ ነው። በፀሐይ በጥቂት ደቂቃ የሚገኘው የአንድ ቀን ኃይል በቢሮ ብርሃን ሰዓታት ይፈጃል። ሰዓቱን በረጅም እጅጌ ሥር ሸፍኖ የሚውል ወይም በመሳቢያ ዘግቶበት የሚረሳው ሰው ሲቆምበት ያገኘዋል። በብዙ ሞዴሎች ሰከንድ ቆጣሪው በየሁለት ሰከንዱ መዝለል ሲጀምር ባትሪው መድከሙን እየተናገረ ነው፤ መፍትሔው ብርሃን ማሳየት ነው። ለማፍጠን ብሎ በመኪና መስታወት ሥር ወይም በጋለ ቆርቆሮ ላይ ማስቀመጥ ግን ይጎዳዋል። አምራቾች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እንዳይሞላ ያስጠነቅቃሉ።

ዘላለማዊ ባትሪም የለም። አምራቾች ከአሥር ዓመት በላይ ዕድሜ ቢሰጡትም፣ ለረጅም ጊዜ ባዶውን የቆየ ባትሪ የመሙላት ኃይሉን ያጣል። ያን ጊዜ ምትኩ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ ደጋግሞ የሚሞላ ባትሪ መሆን አለበት። ሶላር መሆኑን ያላየ ጠጋኝ መጠኑ ስለገጠመ ብቻ ተራ ባትሪ ቢያስገባበት፣ የሶላሩ ኤሌክትሪክ የማይሞላውን ባትሪ ሊሞላ ሲታገል ባትሪው ሊያፈስስና መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ሰዓቱን ለጥገና ሲሰጥ ሶላር መሆኑን አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ዛሬ ዘዴው ወደ ስዊስ ሰዓቶችም ገብቷል። ካርቲየር በ2021 ብርሃኑ በተበሱት የሮማ ቁጥሮች በኩል የሚገባበትን ታንክ የተባለ ሰዓት አወጣ፤ ታግ ሆየር በ2022 አኳሬሰር በተባለው ሰዓቱ ተከተለ። ለኢትዮጵያ ገዢ የሚጠቅመው ልዩነት ግን ከስሙ ይልቅ በሰዓቱ ተጨማሪ መሣሪያ ላይ ነው። በሬዲዮ ራሳቸውን የሚያስተካክሉት ሶላር ሰዓቶች እንደ ጀርመኑ ዲ.ሲ.ኤፍ. 77 ያሉ ጣቢያዎችን ይጠብቃሉ። የዚያ ጣቢያ ሞገድ የሚደርሰው 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጣቢያው ካለበት ከፍራንክፈርት አካባቢ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሰዓት አውሮፓ ለሚኖር ሰው ዋጋውን ያወጣል፤ አዲስ አበባ ሲመጣ ግን እንደ ተራ ኳርትዝ ይሠራል እንጂ ራሱን አያስተካክልም። ከሳተላይት ምልክት የሚቀበሉት፣ ሲቲዝን በ2011፣ ሴይኮ በ2012 ያወጧቸው ዓይነቶች፣ ሰማይ በተገለጠበት ሁሉ ይሠራሉ። ብርሃን ለማይጠፋበት አገር ተራው ሶላር ራሱ በቂ ነው፤ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊያጣራ የሚገባው የባትሪው ምትክ በከተማው ይገኝ እንደሆነ ነው።