ደሴን የሰየማት ኮከብ አይደለም

ደሴን የጎበኘ እንግዳ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይመለስም። አስጎብኚው ከአይጠየፍ አዳራሽ ደጃፍ ያቆመውና እጁን ወደ ጦሳ ተራራ ዘርግቶ፣ «ዐፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ሌሊት ጅራታም ኮከብ አዩ፤ በውበቱ ተደንቀው ‹ደሴ!› አሉ፤ ከተማዋም በዚያው ደሴ ተባለች» ይለዋል። እንግዳው ፎቶውን አንሥቶ ረክቶ ይሄዳል። እኔ ግን የቦሩ ሜዳ ልጅ ነኝና ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰማይ ሰማዩን ስናይ ታሪኩ የተሠራበት ሜዳ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሳይጎበኝ ይቀራል።

ኮከቡስ ሐሰት አይደለም። በመስከረም 1875 ዓ.ም. ታላቅ ጅራታም ኮከብ በዓለም ዙሪያ ታይቷል፤ ብርሃኑ በርትቶ በቀትር እንኳ ከፀሐይ አጠገብ ይለይ ነበር። በዚያ ወቅት ዐፄ ዮሐንስ በወሎ ጉዳይ ተጠምደው እንደነበርም እቀበላለሁ። የማልቀበለው ደስታውን ነው። በእኛ አገር ጅራታም ኮከብ ወጣ ሲባል ሰው የሚጠይቀው «ማን ሊሞት ነው? የት ጦር ሊነሣ ነው?» ብሎ ነው። ካህናት የማይለዩአቸው፣ በሃይማኖት ነገር ቀልድ የማያውቁት ዮሐንስ እንዲህ ያለ ምልክት ቢያዩ ምሕላ ያዝዙ ነበር እንጂ የደስታ ስም አያወጡም ነበር።

ስሙን ከ«ደሴት» የሚያዛምድም አይጠፋም። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተሸጎጠችን ከተማ ደሴት የሚላት ባሕሩን አስቀድሞ ያሳየን። ከዚህ የባሰው ደግሞ በ1454 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገደማ ጣሊያን ውስጥ በተሣለ ካርታ ላይ «ደሴ የወሎ ዋና ከተማ» ተብሎ ተጽፏል የሚለው ነው። ወሎ የሚለው ስም ወደዚህ ምድር የመጣው ከኦሮሞ ፍልሰት ጋር፣ ካርታው ከተሣለ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በካርታው ዘመን አገሩ ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ አረጋውያን ዛሬም ላኮመልዛ ሲሉ የሚያነሡት ጥንታዊ ስምም አለ። ገና ላልመጣ ስም ዋና ከተማ ማውጣት ለካርታ ሠሪውም ከባድ ነው።

በቃሉ ትርጉም ላይ ጠብ የለኝም። ልጅ «ልጄ»፣ ሆድ «ሆዴ» እንደሚል፣ ደስ ደግሞ «ደሴ» ይላል፤ ደሳለኝ የተባለውን ልጅ እናቱ የምትጠራውም እንዲሁ ነው። ጥያቄው ንጉሡ በምን ተደሰቱ የሚለው ነው። መልሱን የምፈልገው ከቦሩ ሜዳ ነው።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የአገሪቱን ሊቃውንትና መኳንንት በዚህ ሜዳ ለሃይማኖት ክርክር ሰበሰቡ። የሸዋው ምኒልክ በመጋቢት በልቼ ከገቡላቸው ሁለት ወር ገደማ ቢሆን ነው። የጎጃሙ ራስ አዳልም መጥተዋል። ሸዋ የሦስት ልደት፣ ጎጃም የቅባት ትምህርት ምሽግ ስለነበሩ፣ ለሁሉም መካከል የሆነው ወሎ መመረጡ አያስገርምም። ክርክሩ በተዋሕዶ አሸናፊነት ተዘጋ። ጉባኤው በዚያ አላበቃም፤ የወሎ ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። እምቢ ብለው የሸፈቱም ነበሩ፤ የሼህ ጦልሃ ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ደሴ» የሚለው ደስታ የማን እንደሆነ ሳይረሱ መስማት ይገባል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1874 መጨረሻ፣ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ዮሐንስ በመካከላቸው ገብተው ሁለቱንም ቀጡ፤ ወሎንም ከምኒልክ እጅ ወስደው ለልጃቸው ለአርአያ ሥላሴ ሰጡ፤ እርሱንም ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር አጋቡ። ኮከቡ የታየው በዚሁ ሰሞን ነው። ወሎ በእጃቸው የገባላቸው ንጉሥ ለደስታቸው ኮከብ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከቦሩ ሥላሴ አጥር አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የነገሩኝ ደግሞ ነገሩን ወደ መሬት አወረደልኝ። ቦሩ ሥላሴ መምህር አካለ ወልድ ያስተማሩበት ደብር ነው፤ ደሴ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። «አያ፣ ስለ ኮከቡ ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ፤ «አያቴ ግን ስለ ኮከብ አላወሩኝም። ይህ ሜዳ ለጦር እንጂ ለመክተም አይሆንም ነበር የሚሉት። ክረምት ይጨቀያል፣ ጥቅምት ሲገባ ውርጭ ይገርፈዋል። ንጉሡ ድንኳኑን ነቅለው ጦሳ ሥር ሲጠጉ ነፋሱ ቆመ፣ ውኃው በደጅ ሆነ። ደስ ያላቸው ያን ጊዜ ነው።»

«በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«እኔ እንጃ፤ ከክፉ ቀን በፊት ነው» ብለው ሳቁ።

እኚህን አዛውንት እኔ ከኮከቡ ይልቅ አምናቸዋለሁ። የንጉሥ ከተማ ማለት መጀመሪያ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነው፤ ነጋሢ ሲከትም ቦታውን አይቶ ስም ያወጣል። ጣይቱ በ1879 አዲስ አበባን የሰየሙት አበባ አይተው ነው ሲባል ማንም ወደ ሰማይ አላንጋጠጠም። በአካባቢያችን ያሉ ስሞችም መሬት መሬቱን የሚያዩ ናቸው። ሐይቅ ስሙን ከውኃው አገኘ፤ ኮምቦልቻ በኦሮምኛ አጣጥ የምንለው ዛፍ ነው፤ ወረ ኢሉ የኢሉ ቤት ነው። ቦሩ ራሱ በኦሮምኛ የወንድ ስም ነውና ሜዳው ባለቤት እንደነበረው ይናገራል።

ስም ማውጣት ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ዮሐንስ መተማ ላይ በ1881 ዓ.ም. ሲወድቁ ደሴ የሰፈር ስም ሆና መቅረት ትችል ነበር። ያጸናት ያ በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ሰሞን ስሙ የተለወጠ ሰው ነው። ራስ ሚካኤል መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አዙረው መድኃኔዓለምን አሠሩ፤ አይጠየፍን አቆሙ። አይጠየፍ የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙ እንደሚለው ማንንም ሳይጸየፍ ያበላ ነበር ይባላል። እምነቱን ለውጦ ሥልጣኑን የጠበቀ ገዥ፣ የተጠመቀውና ያልተጠመቀው ተደባልቆ በሚኖርበት አገር፣ ለአዳራሹ እንዲህ ያለ ስም መምረጡ አጋጣሚ አይመስለኝም። ሚካኤል ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ከተማዋ ግን አልተበተነችም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተነሡት ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ፒያሳና ሰኞ ገበያ ከዚያ ሁሉ በኋላም አሉ።

ስለዚህ ለአስጎብኚዎቻችን የምለው ይህ ነው። እንግዳውን መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ አምጡት፤ ውርጩን ይቅመሰው፣ ማን ከማን ጋር እዚህ እንደተከራከረና ማን ስሙን እንደተለወጠበት ይስማ። ከዚያ ወደ ጦሳ ሥር አውርዱትና አይጠየፍን አሳዩት። ኮከቡን ማንሣት ከፈለጋችሁ ደግሞ በመስከረም 1875 ታይቶ ነበር በሉት፤ ከዚያ አልፎ ስሙን ሰጠ የሚል ካለ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ፤ ቦሩ ሜዳ ሩቅ አይደለም።