ድምፁ ጮኸ እንጂ መቼ ተሰማ?

በአማርኛችን እስፒከርን «ድምፅ ማጉያ» እንለዋለን። ልብ በሉ፤ ማጉያ ነው እንጂ ማጥሪያ አላልነውም። ስም ያለ ነገር አይወጣም። አገራችን ከዚህ ዕቃ ጋር ከተዋወቀች ዘጠና ዓመት ገደማ ሆናት፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በደንብ የተማርነው ድምፅን ማስጮህ ነው። ማጥራቱን ገና አሁን፣ እሱንም በግድ እየጀመርነው ነው።

«ደግሞ ስለ ቴሌቪዥን ድምፅ ምን የሚወራ አለ?» የምትሉ ወዳጆቻችን ጥቂት ታገሱን። ጉዳዩ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ቅብጠት ብቻ አይደለም፤ ዜና የሰማ ሰው በእርግጥ ምን ሰማ የሚለውም ነው። ከአዲስ አበባ ጀምረን ወደ ይፋት ቆላ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን።

አደባባይ ላይ የተሰቀለ ድምፅ

ሬዲዮ በአገራችን በይፋ ሥራ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ከአቃቂ ጣቢያ ነው። ጣሊያን ደጃፍ ላይ ደርሶ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፤ ከነፃነት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ተመለሰ። ያን ጊዜ ሬዲዮ ቤቱ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ አደባባዮች ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ፤ ሕዝቡም ቆሞ አዳመጠ። የአደባባይ ማጉያ ሥራው አንድ ነው፤ ሩቅ መድረስ። ጠርቶ ይድረስ፣ ተንጋግቶ ይድረስ፣ ያ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ቴሌቪዥን የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበርና ኢሠፓ ሲመሠረት ምስሉ ባለቀለም ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ምስሉ ሲለወጥ በዓል ነበረው፤ ድምፁ ግን ከሣጥኑ ጎን ወይም ፊት ከተገጠመች አንዲት ትንሽ እስፒከር መውጣቱን ቀጠለ። ያቺ እስፒከር ለአንድ ቤተሰብ የተሠራች ናት። እኛ ግን ቴሌቪዥኑን የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠን ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ከኋላ የቆመው «ጨምረው!» ይላል፤ ይጨመራል፤ እስፒከሯ ትንቀጠቀጣለች። ከአደባባይ የተማርነውን ቤት ውስጥ ያስገባነው እንዲህ ነው።

ወደ ቆላው ስንወርድ

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የተጓዘ ሰው ጣርማ በር ዋሻ ድረስ በብርድ ይሄዳል። ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን ከገዛ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል፤ ጃኬት ይወልቃል፤ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ፣ ሸዋ ሮቢት ተኝታለች። ይፋት ድሮም የመንገድ አገር ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የዘይላ ነጋዴ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ በወላስማዎቹ ግዛት በኩል ነበር።

ሙቀቱን ያነሣነው ለወሬ ማዳመቂያ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ቤተሰብ በር ዘግቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ነው ቴሌቪዥን የሚያየው፤ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ሸዋ ሮቢት ላይ በሩ ክፍት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ድምፁ ግማሹ ወደ መንገድ ይወጣል፤ የቀረውን የቬንትሌተሩ ሁምታ ይሸፍነዋል፤ መንገዱ ደግሞ ባጃጁንና ከባድ መኪናውን ጨምሮ ይመልስላችኋል። መድኃኒቱ ታዲያ ምንድን ነው? ያው የለመድነው ነው፤ «ጨምረው!»

የቪዲዮ ቤት ዘመንም ልማዱን አባሰው። በየከተማው እስፒከር በር ላይ ተሰቅሎ የሚታየው የድብድብ ፊልም አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። ድምፁ ማስታወቂያም ጭምር ነበር። የመንገድ ዳር ምግብ ቤቱም፣ ካሴት ሻጩም እንደዚሁ። ባለቤቱ ጎረቤት ስለሱ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና።

አንድ መሐንዲስ ሲኒማ ገብቶ

በሌላው ዓለም ጥያቄው ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። አለን ብሉምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ እንደተበሳጨ ይነገራል። ተዋናዩ ከመጋረጃው ግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ድምፁ ግን ከአንድ እስፒከር ስለሚወጣ ካለበት አይነቃነቅም። ብሉምላይን ድምፁ ሰውየውን እንዲከተል አደርጋለሁ አለ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 የስቴሪዮ ፈጠራውን ለባለቤትነት መብት አስገባ። ልብ አድርጉ፤ ቅሬታው «አልጮኸም» አልነበረም፤ «ቦታውን ስቷል» ነበር።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ደግሞ አሜሪካኖቹ የቤል ቤተ ሙከራ ሰዎች ፊላደልፊያ ላይ የሚጫወት ኦርኬስትራን በሦስት ማይክሮፎንና በሦስት የስልክ መስመር ወደ ዋሽንግተን አሻግረው፣ አዳራሽ ውስጥ በሦስት እስፒከር አሰሙት። ሁለት ሳይሆን ሦስት የሆነበት ምክንያት አለው። ሁለት እስፒከር ሲሆን ከመሐል የሚመጣ የሚመስለው ድምፅ መሐል ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው መሐል የሚሆነው። ዳር የተቀመጠው የሚሰማው አጠገቡ ካለው ነው።

ሲኒማ ቤቶች ይህንን ይዘው ቀጠሉ፤ ንግግር ከመሐል፣ ሌላው ከግራና ከቀኝ፣ ዝናቡና ግርግሩ ከኋላ። ዶልቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ሰራውንዱን ለመኖሪያ ቤት አመጣው፤ በ1987 ደግሞ ፕሮ ሎጂክ በተባለው ዘዴ የመሐሉን እስፒከር ጨመረበት። ዘዴው ብልህ ነው። በግራና በቀኝ መስመር እኩል የሚገኘውን ድምፅ ይለይና ወደ መሐል ይልከዋል። ታዲያ በሁለቱም እኩል የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ምንድን ነው? የሰው ንግግር!

ሣጥኑ ቤታችን ሲገባ

እኛ ጋ «ሆም ቴአትር» የገባው ከቪሲዲና ከዲቪዲ ማጫወቻ ጋር ተያይዞ ነው። ስሙም ችግር አለበት። ሱቅ ሄዳችሁ «ሪሲቨር» ካላችሁ የዲሽ ሣጥን ነው የሚሰጣችሁ። እዚህ የምናወራው ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ተቀብሎ፣ ለይቶና አጉልቶ ለአምስት እስፒከሮችና ለአንድ ቤዝ ስለሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር ነው።

ሣጥኑን ገዛን፤ ልማዳችንን ግን አልቀየርንም። አምስቱም እስፒከሮች ቡፌ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተደረደሩ፤ ዳንቴልም ለበሱ። ካርቶኑ ላይ በሺዎች የሚቆጠር «ፒኤምፒኦ ዋት» ተጽፏል፤ እኛም ቁጥሩን አይተን ተማረክን። ያ ቁጥር ለሽያጭ የተፈጠረ ነው፤ የሚታመነው «አርኤምኤስ» የሚለው ነው። እሱም ቢሆን እጥፍ ዋት እጥፍ ድምፅ አይሰጥም፤ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚጨምረው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ቪሲዲ ደግሞ ከሁለት መስመር በላይ ድምፅ የለውም፤ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ሣጥኑ ራሱ ያቀናበረው ነው።

ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ ቀጠነ። ምስሉ ሰፋ፤ እስፒከሩ ግን ቦታ አጥቶ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳ ዞረ። ውድ ቴሌቪዥን ገዝተን «ምን አለ?» እየተባባልን የምንጠያየቀው ለዚህ ነው። የሣጥኑ ትክክለኛ ጥቅም ያለውም እዚሁ ላይ ነው። የመሐሉ እስፒከር ከስክሪኑ ሥር ወይም በላይ፣ ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ ይቀመጥ፤ ግራና ቀኞቹ ከተቀመጣችሁበት ሲታዩ እያንዳንዳቸው ከመሐል 30 ዲግሪ ያህል ራቅ ይበሉ፤ የኋላዎቹ ከጎናችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ። የየእስፒከሩን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ሣጥኑ ላይ ሙሉ፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ስለሚፈጅ ሣጥኑ የቀረበውን አዘግይቶ ሁሉም እኩል እንዲደርስ ያደርጋል። ከዚያ ሌላውን ሳትነኩ የመሐሉን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

የይፋት ቤት በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ባዶ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ድምፅን እያንጓጉ ያደናብራሉ፤ ግድግዳውን ተከትሎ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ መከዳና ስጋጃ ግን ይውጡታል። እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ላይም የመሐሉ እስፒከር ዋጋው ይጨምራል፤ ሁሉም ሰው መሐል መቀመጥ አይችልምና።

ለማን ነው ታዲያ?

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ከቦ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ዜና ለመስማት የሚጓጓው ሰው ብዙ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የአንድ ቦታ ስም አጥርቶ መስማትና ግማሹን ብቻ መስማት ልዩነቱ ከባድ ነው። ቃላትን የሚለዩት ቀጫጭኖቹ ድምፆች፣ እነ «ስ»ና «ፍ»፣ እነ «ጽ»ና «ት» ናቸው። ዕድሜ ቀድሞ የሚወስደውም፣ ቬንትሌተር ቀድሞ የሚሸፍነውም እነሱኑ ነው። እማማ «ጨምሩልኝ» ሲሉ በአብዛኛው የጎደላቸው ጩኸት አይደለም፤ ፊደል ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ብንጨምርላቸው ከፊደሉ ጋር ከበሮውም ይጨመራል።

ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚነበብ ተነግሮናል። ዜናው ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በሩ ተከፍቶ ቬንትሌተሩ እየዞረ፣ በር ጥግ የተቀመጡት እማማ ጆሮ እንዴት እንደሚደርስ ግን ትምህርቱ ውስጥ አልነበረም። አምስቱንም እስፒከር መግዛት የማይችል ሰው ንግግሩን ፊት ለፊት የሚያመጣ አንድ እስፒከር ይበቃዋል። የገዛን ሰዎች ደግሞ ከቡፌው ላይ እናውርዳቸው፤ ዳንቴሉንም እንግፈፍላቸው።

እስከዚያው ቸር ያሰማን!