«ፍጹም» እና «ምሉእ» በሕግ ስያሜዎች

ከግዕዝ «ፈጸመ» የወጣው «ፍጹም» በተለመደው አነጋገር እንከን የሌለበትን ነገር ያመለክታል። በሕግ ቋንቋ ግን የፍጹምነት ሐሳብ የራሱ ታሪክ አለው። ይህን ታሪክ ያላጤነ ተርጓሚ በአንዲት ቃል ምክንያት የሰውን ንብረት ከእጅ ወደ እጅ ሊያሻግር ይችላል።

የሐሳቡ ምንጭ የሮማ ሕግ ነው። በ533 (እ.ኤ.አ.) በንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ትእዛዝ በወጣው ዲጀስት በተባለው የሊቃውንት ቃል ስብስብ፣ የሕግ ዐዋቂው ፓውሉስ ሽያጭ ምሉእ የሚሆነው የተሸጠው ነገር ምንነት፣ ዓይነትና መጠን እንዲሁም ዋጋው ሲታወቅ፣ ሽያጩም በሁኔታ ያልታገደ ሲሆን ነው ይላል። የሚጠየቀው የሽያጩ ማማር ሳይሆን የተፈላጊዎቹ ነገሮች መሟላት ነው። ውጤቱም ቀላል አልነበረም፤ ሽያጩ ከተሟላ በኋላ ፈረሱ ገና በሻጩ በረት ሳለ ያለ ሻጩ ጥፋት ቢሞት፣ ገዢው ዋጋውን ከመክፈል አይድንም ነበር።

የ1804 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1583 ይህንኑ ቃል ወረሰ። ሻጭና ገዢ በዕቃውና በዋጋው እንደ ተስማሙ፣ ርክክብም ክፍያም ሳይኖር፣ ሽያጩ «ፓርፌት» ይሆናል፤ ባለቤትነቱም ወደ ገዢው ያልፋል። ይህን «ሽያጩ ተፈጸመ» ብለን ብንተረጉመው፣ አንባቢው ዕቃው ተሰጥቶ፣ ዋጋው ተከፍሎ ያለቀ ጉዳይ ይመስለዋል። አንቀጹ የሚለው ግን ይህ ሁሉ ሳይሆንም ሽያጩ ምሉእ ነው ነው።

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ነበር። ሆኖም ሕጉ በዚህ ረገድ የፈረንሳይን መንገድ አልተከተለም፤ በቁጥር 1143 መሠረት የሚንቀሳቀስ ዕቃ ባለቤትነት የሚተላለፈው ገዢው ዕቃውን በእጁ ሲያደርግ ነው። በአማርኛው ቅጂ «መፈጸም» የዋለው ግዴታን ለመወጣት ነው። ሕግ ያዘዘው ልዩ ፎርም የጎደለውን ስምምነት ደግሞ ቁጥር 1720 «ረቂቅ» ይለዋል። «ረቂቅ» የምሉእነትን ተቃራኒ በአገርኛ ቃል በሚገባ ይገልጻል፤ ፍትሓዊ የሆነ ስምምነት ፎርም ቢጎድለው ረቂቅ ሆኖ ይቀራል፤ ለአንዱ ወገን የከበደ ስምምነት ግን ምሉእ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ሦስቱ ፍቺዎች ተለይተው እንዲሰፍሩ እናሳስባለን፦ ተፈላጊው ሁሉ ለተሟላለት ውል «ምሉእ»፣ ግዴታው ለተከናወነ «የተፈጸመ»፣ እንከን ለሌለው «ፍጹም»። ፍርድ ቤት የሚመረምረው ፊተኞቹን ሁለቱን ነው፤ ሦስተኛው ከሕግ ስያሜ ውጭ ቢቆይ ይሻላል።