ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃና የዝሆን አደን

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. ሪግቢ የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኮስ ከባድ ጥይት ካወጣ ወዲህ፥ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በዝሆን አዳኞች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። ሁለቱ አፈሙዞች የየራሳቸው ምላጭ ስላላቸው፥ አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ወዲያው ይተኮሳል። ነገር ግን ከሁለተኛው ጥይት በኋላ አዳኙ ባዶ መሣሪያ ይዞ ይቀራል።

ይህም በ1909 ዓ.ም. በኬንያ ተራራ አጠገብ ታየ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በሆላንድ ጠመንጃቸው አንድ ዝሆን በሁለት ጥይት እንደ ጣሉ፥ ሌላ ዝሆን ከጫካው ወጣባቸው። እርሳቸው ከዛፍ ኋላ ተጠግተው ቀለሁን ሲያወጡ፥ ባልንጀራቸው ከኒንግሃም ተኩሶ ዝሆኑን መለሰው። ስለዚህ ጀማሪ አዳኝ ከዒላማ ጋራ አብሮ ሊማረው የሚገባው ፈጥኖ ማጉረስን ነው፤ ብቻውን አለመግባትንም ጭምር።