ፕላዝማ፦ ከኢሊኖይ ቤተ ሙከራ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን



በ1997 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በክፍላችን ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን ተቆልፎ የሚያድር ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ነበር። ሁላችንም «ፕላዝማ» እንለው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስሙ ከዕቃው አልፎ የትምህርቱ መጠሪያ ሆነ፤ «ዛሬ ስንት ፕላዝማ አለን?» እንባባል ነበር። ቃሉ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ግን አላስታውስም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ የምናገረው ዘግይቼ ስለ ጠየቅሁት ስለዚያ ጥያቄ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1960 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶናልድ ቢትዘር የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒዩተር ኢልያክን ለማስተማሪያ ለማዋል ተነሣ። ቤተ ሙከራው የሚተዳደረው በአመዛኙ ከጦር ኃይሎች በሚመደብ የሕዝብ ገንዘብ ነበር፤ በኋላ የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ዋና ደጋፊ ሆነ። የሥራው ስም ፕላቶ ነው። ስሙ የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ቢሆንም፣ የግእዝ መጻሕፍት አፍላጦን የሚሉትን ፈላስፋ ማስታወሱ አይቀርም። የመጀመሪያው መሣሪያ የሚያገለግለው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር፤ ለማሳያ ተራ ቴሌቪዥን፣ ለመልስ መስጫም ጥቂት ቁልፎች ነበሩት።

ከእነዚያ ቀደምት ቁልፎች ሁለቱን ሳነብ ብዙ ቆይቼባቸዋለሁ። አንዱ የእርዳታ ቁልፍ ነው። ጥያቄው የከበደው ተማሪ ሲጫነው ኮምፒዩተሩ ከዋናው መንገድ አውጥቶ በቀላል ጥያቄዎች ያንደረድረዋል። ሁለተኛው «አሃ!» የሚባል ቁልፍ ነው። ቃሉን መተርጐም አያስፈልገኝም፤ እኛም ነገር ሲገባን የምንለው ይህንኑ ነው። ተማሪው በእርዳታው መካከል ነገሩ ከበራለት ይህን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ተወው ጥያቄ ይመለሳል። መሐንዲሶቹ ተማሪ የሚገባው በራሱ ሰዓት መሆኑን ተቀብለው፣ ያን ሰዓት የሚያውጅበትን ሥልጣን በጣቱ ሥር አኑረውለት ነበር ማለት ነው።

ፕላዝማ የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን መስተዋት ምስል ይዞ መቆየት አይችልም ነበር። በኤሌክትሮን ጨረር የተሣለው ወዲያው ስለሚደበዝዝ በየሰከንዱ ደጋግሞ መሣል ግድ ይል ነበር፤ ለዚህም የእያንዳንዱን ተማሪ ምስል የሚያስቀምጥ ማኅደረ ትውስታ ያስፈልጋል። ማኅደረ ትውስታ ደግሞ ያኔ እጅግ ውድ ነበር። አንድ ተማሪ ለአምስት ደቂቃ ቢያስብ፣ አምስቱንም ደቂቃ ውድ መሣሪያ ተይዞ ይቆያል። በ1964 ቢትዘር፣ ባልደረባው ጂን ስሎቶውና የዶክትሬት ተማሪው ሮበርት ዊልሰን ሌላ መንገድ አገኙ። በሁለት መስተዋቶች መካከል ጋዝ አስገብተው፣ በአግድምና በቁም የኤሌክትሪክ መስመሮችን ዘረጉ። መስመሮቹ በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ያለው ጋዝ በኃይል ሲመታ ይበራል፤ በመስተዋቱ ግድግዳ ላይ የሚቀረው የኤሌክትሪክ ሙል ደግሞ ነጥቡ በርቶ እንደ ነበር «ያስታውሳል»። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ነጥብ እኩል የሚደርስ አነስተኛ ኃይል የበራውን እንደ በራ፣ የጠፋውንም እንደ ጠፋ ያቆየዋል። ማኅደረ ትውስታው መስተዋቱ ራሱ ሆነ። ተማሪው የፈለገውን ያህል ቢያስብ ምስሉ ይጠብቀዋል።

በዚያው በ1964 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ። ሁለቱ ነገሮች እስኪገናኙ አርባ ዓመት ፈጀ።

በ1972 ፕላቶ አራት ሲመጣ፣ 512 በ512 ነጥብ ያለው ብርቱካናማ የፕላዝማ ገጽ ነበረው፤ በጣት ሲነካም ይመልስ ነበር። ታሪኩን ወደ ውዳሴ ላለመለወጥ አንድ ነገር ልጨምር። የትምህርት ፈተናዎች ድርጅት የተባለው ተቋም በማኅበረሰብ ኮሌጆች ባካሄደው ግምገማ፣ ፕላቶ በተማሪዎች ውጤት ላይ በበጎም ሆነ በመጥፎ ጉልህ ለውጥ ማምጣቱን አላገኘም። ተማሪዎቹ ግን ወደውት ነበር። እኔ ይህን ውጤት እንደ ውድቀት አላነበውም፤ የራሱን መልካም ሐሳብ ለገለልተኛ መዛኝ አሳልፎ መስጠት የሕዝብ ገንዘብ የሚያስገድደው ጨዋነት ነውና።

መስተዋቱ ከዚያ ወዲያ የራሱን መንገድ ሄደ። በ1990ዎቹ የጃፓን ኩባንያዎች ትልቅና ባለ ቀለም ቴሌቪዥን አደረጉት። በ2002 ለፈጠራው የተሰጠው ሽልማት ኤሚ፣ ማለትም የቴሌቪዥን ሽልማት፣ መሆኑ ፈገግ ያሰኘኛል፤ የተፈለሰፈው ቴሌቪዥን ስላልበቃ ነበርና።

በ2004 በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ገባ። ትምህርቶቹ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ነበሩ። ዓላማውን አላቃልልም፤ የሠለጠነ የፊዚክስ መምህር ላልነበራት ወረዳ ትልቅ ነገር ነበር። ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ያህሉን መስተዋቱ ይወስዳል፤ መምህሩ ለመክፈቻና ለመዝጊያ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች ይይዛል። «አሁን ጥያቄውን ሥሩ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው መስተዋት ምስል የማቆየት ችሎታውን እንደ ያዘ ነበር፤ የሙሉ ነገር አልተለወጠም። ከኢሊኖይ ሳይመጡ የቀሩት ሁለቱ ቁልፎች ነበሩ።

አንድ ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መካከል መብራት ጠፋ። መምህራችን፣ እስከዚያ ሰዓት በሩ አጠገብ ቆመው ከእኛው ጋር ይመለከቱ የነበሩት፣ ጠመኔያቸውን አንሥተው «እስቲ የት ላይ ነው የጠፋባችሁ?» አሉ። ስለ መብራቱ የጠየቁ መስሎን ሳቅን። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ከእርሷም በኋላ ሌሎች። ሰሌዳው ሞልቶ ሁለት ጊዜ ተጠረገ። መብራቱ ሲመለስ መስተዋቱ ላይ የነበረው የሌላ ትምህርት ዓይነት ነበር፤ መምህሩም ድምፁን ቀንሰው የጀመሩትን ቀጠሉ።