የአእምሮ ምስል በሂሳብ ትምህርት

የአእምሮ ምስል ማለት አንድ ተማሪ ቁጥርን፣ ቅርጽን ወይም ስሌትን በፊቱ ሳይኖር በዓይነ ኅሊናው የሚስልበት ችሎታ ነው። ዘዴው በቃል የሚያዙ ሕጎችን አይተካም፤ ሕጎቹ ከምን እንደመነጩ ግን ያሳያል። ይህ ማብራሪያ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ ነው።

የዘዴው መነሻ

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄሮም ብሩነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዕውቀት በድርጊት፣ በምስልና በምልክት እንደሚወከል አስረድተዋል። ሲንጋፖር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሂሳብ ትምህርቷን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል አደራጅታለች፦ መጀመሪያ ተጨባጭ ነገር፣ ቀጥሎ ሥዕል፣ በመጨረሻም ምልክት።

ለምን ያስፈልጋል?

በርካታ ተማሪዎች 1/2 እና 1/3ን ሲደምሩ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር ደምረው 2/5 ይላሉ። ግማሽ እንጀራና ሲሶ እንጀራ በዓይነ ኅሊናው የሚታየው ተማሪ ግን ስህተቱን ወዲያው ይለያል፤ 2/5 ከግማሽ ያነሰ በመሆኑ፣ በግማሹ ላይ ተጨምሮበት ሊያንስ አይችልም። እንጀራውን ስድስት እኩል ቦታ ሲከፍለው ግማሹ 3፣ ሲሶው 2 ቁራሽ ይሆናሉ፤ ድምሩም 5/6 ነው። ምስል የሌለው ተማሪ ሕጉን የረሳ ዕለት መልሱን የሚመዝንበት አንዳች ነገር አይኖረውም። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ደግሞ በመቶኛና በአልጀብራም መቸገሩ አይቀርም።

አተገባበር በክፍል ውስጥ

1. ተማሪዎች ነገሩን በእጃቸው እንዲይዙ ማድረግ። 8 ጠጠሮችን በአንድ ረድፍ፣ በጠቅላላው 7 ረድፍ ይደረድራሉ።
2. የደረደሩትን በደብተራቸው እንዲስሉ ማድረግ።
3. ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩትን በቃላቸው እንዲገልጹ መጠየቅ። ረድፎቹን ለ5 እና ለ2 ሲከፍሏቸው 40 እና 16 ያገኛሉ።
4. በመጨረሻ በምልክት መጻፍ፦ 7 × 8 = 40 + 16 = 56።

ሦስተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ይሁንና ሥዕሉ ከደብተር ወደ አእምሮ የሚሸጋገረው በዚህ ደረጃ ነው። መምህሩ ከጥያቄው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ መጠበቅ ይኖርበታል።

በቤት ውስጥ

ወላጆች ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልጋቸውም። በአንድ ባቄላ ዙሪያ 3፣ ቀጥሎ 5፣ ከዚያም 7 ባቄላ በማዕዘን ቅርጽ ሲጨመር በየጊዜው ካሬ ይፈጠራል፤ 1 + 3 + 5 + 7 = 16፣ ይኸውም 4 × 4 ነው። ልጁ ቀጣዩን ካሬ ሳይደረድር እንዲገምት መጠየቅ ጥሩ ልምምድ ነው። ልጁ በሚቀለው ቋንቋ መግለጽ ይችላል።

ሊደረጉ የሚገቡ ጥንቃቄዎች

• በአንድ ምስል ብቻ አለመወሰን። ካሬን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ያየ ተማሪ፣ በማዕዘኑ የቆመውን ካሬ ሌላ ቅርጽ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።
• ምስልን እንደ ማረጋገጫ አለመውሰድ። ምስል ሐሳብ ያመነጫል፤ ማረጋገጫው ግን በስሌት ወይም በምክንያት ይሰጣል።
• በዓይነ ኅሊናቸው ምስል መፍጠር የማይችሉ ሰዎች መኖራቸውን መገንዘብ። ሁኔታው ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አፋንታዥያ በሚል ስያሜ ይታወቃል፤ የአእምሮ ድክመት ምልክትም አይደለም። እነዚህ ተማሪዎች በወረቀት እየሳሉ መሥራት ይችላሉ።
• ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በመዳሰስ የሚለዩ ቅርጾችን ማቅረብ። በእጅ የተዳሰሰ ቅርጽም በአእምሮ ይቀረጻል።