የረጲ እንፋሎት

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ በአመዛኙ የወንዞች ታሪክ ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል ይዞ ሥራ ሲጀምር የተቀየሰው መንገድ፣ በፊንጫ፣ በመልካ ዋከናና በግልገል ጊቤ አልፎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እስካለው የሕዳሴ ግድብ ደርሷል። ይሁን እንጂ ወንዝ የዝናብ ልጅ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ በጎደለ ጊዜ ከተሞች መብራት በፈረቃ ማግኘታቸው ይታወሳል።

ዝናብ የማይጠብቅ ኃይል ፍለጋው ግን ቀደም ብሎ ተጀምሯል። በአሉቶ ላንጋኖ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በ1990 ዓ.ም. 7.3 ሜጋዋት የሚያመነጭ የከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይም በብልሽት ተስተጓጎለ።

ሌላው እንፋሎት የመጣው ካልተጠበቀ ሥፍራ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ነው። ሕዝቡ «ቆሼ» የሚለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲከፈት ከከተማው ውጭ ነበር፤ ኋላ ግን ከተማው ራሱ መጥቶ ከበበው። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ የተከፈተው ምትክ መጣያ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በወራት ውስጥ በመዘጋቱ ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከነጎጇቸው ተቀበሩ። በዚያን ጊዜ የማመንጫው ግንባታ እዚያው አጠገብ እየተካሄደ ነበር።

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ በማቃጠል ውሃ አፍልቶ፣ በእንፋሎቱ ተርባይን እንዲያሽከረክር የታቀደ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን አብዛኛው የወጥ ቤት ትራፊ በመሆኑ እርጥበት ይበዛዋል፤ ከሚገኘው ሙቀት ከፊሉ ይህንኑ እርጥበት ለማትነን ይውላል። ክረምት ሲገባ ችግሩ ይብሳል። በበጋ፣ ግድቦች በሚጎድሉበት ወራት፣ ቆሻሻው ይደርቃልና የተሻለ ይነዳል። ይህ መደጋገፍ ከመጠኑ አነስተኛነት ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነበር። ጣቢያው በተግባር ሥራው እየተቋረጠ ከታቀደለት በታች ሲያመነጭ ቆይቷል። «ታዳሽ» መባሉም ቢሆን በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ አብሮ የሚነደው ፕላስቲክ የነዳጅ ዘይት ውጤት ነውና።

ደግሞም ምድጃው የተሠራው ከተማው በየቀኑ ለሚያወጣው ቆሻሻ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከማቸው አሮጌው ክምር በዕቅዱ ውስጥ አልገባም።